ጋሽ እንድሪስ የተረጎሙልን ደብዳቤ

በጣም የምወዳቸውን አሥር ፊልሞች በደረጃ ጽፌ አስቀምጫለሁ። አንደኛው ልጅ ሆኜ ቆቦ፣ ቪዲዮ ቤት ያየሁት የህንድ ፊልም ነው። ጋሽ እንድሪስ ማይክ ይዘው ይተረጉሙልን ነበር። መጨረሻ ላይ ከጠፋው አባት ደብዳቤ ይመጣል፤ "ልጄ፣ እመጣለሁ፣ ጠብቀኝ" ይላል። በቅርቡ በአማርኛ ተተርጉሞ ባየው ደብዳቤው የአባትየው መርዶ ነው። ተሳስቼ እንዳይሆን ሦስት ጊዜ አየሁትና ጋሽ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ።

"ህንድኛ ያውቁ ነበር?"

"ወላሂ አንዲት ቃል አላውቅም! መርዶ መሆኑ ግን ከእናትየው ለቅሶ ገብቶኛል።"

"ታዲያ ለምን እመጣለሁ ይላል አሉን?"

"አባትህ በባሕር ሳዑዲ እሄዳለሁ ብሎ ወሬው የጠፋ ሰሞን ነበር። አንተ ደግሞ ፊት ወንበር ላይ አፍጥጠህ ታየኛለህ። መርዶ በማይክ ይነገራል እንዴ፣ አንተ ልጅ?"

አባቴን እስከ ዛሬ ስጠብቅ የኖርኩት በዚያ ቃል ነበር።