ጤነኛውን ዛፍ በሽተኛ ብለው ያልፈረሙት እትዬ ችግኝ

እኅታችንን ልትሸኙ ከየሥራችሁ ተነሥታችሁ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ይህን የማነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ።

ሰፈሩ «እትዬ ችግኝ» ሲላቸው የኖሩት እኅታችን ከግንድ ሰንጣቂ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው መጋዝ ሲስሉ አጠገባቸው እየተቀመጡ፣ የማሆጋኒ ቀይ እንጨት ለበርና ለጀልባ፣ መራራ ቅርፊቱ ተቀቅሎ ለትኩሳት፣ የፍሬው ዘይት ለቆዳ እንደሚውል ፊደል ሳይቆጥሩ ለዩ።

በዐሥራ ስምንት ዓመታቸው በከተማው ችግኝ ጣቢያ ተቀጥረው ሠላሳ አራት ዓመት ሲያገለግሉ፣ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት በገዛ እጃቸው የተከሏቸው ዐሥራ አንድ ማሆጋኒዎች አድገው ወረፋ የሚጠብቅ በሽተኛ ሁሉ የሚጠለልባቸው ሆኑ። የችግኝ ጣቢያውን አጥር ሊሠሩ ከመጡት አናጢ ጋር ትዳር መሥርተውም ሦስት ልጆች አፈሩ፤ ባለቤታቸው «ለአጥር መጥቼ ታጠርኩ» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አለሳልሼ ባነብ እሳቸው ይታዘቡኛል። ወደ ችግኝ ጣቢያው አዲስ የመጡት ሥራ አስኪያጅ መንገድ ሊሰፋ ነው በሚል ሰበብ፣ ዛፎቹ አርጅተው ውስጣቸው በስብሷል የሚል ወረቀት አዘጋጅተው እንዲፈርሙ እኅታችንን ጠሯቸው። እሳቸው ግን «ጤነኛውን በሽተኛ ብዬ አልፈርምም፤ ከፈለጉ ጣቴን ይቁረጡት!» ብለው ወጡ። በማግሥቱ ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ክፍል ተዛወሩ፤ ዕድሜያቸውን በፀሐይና በነፋስ የኖሩ ሴት፣ ግድግዳው ውሃ በሚያንጠባጥብ ጉድጓድ ውስጥ!

ዛፎቹ በአንድ ቀን ወደቁ። ውስጣቸው እንደ ጉበት ቀይ፣ ብስባሽ ጨርሶ ያልነካው እንደነበረ መንገደኛው ሁሉ በዓይኑ አይቷል። መንገዱ እስከ ዛሬ አንድ ክንድ አልሰፋም፤ የሰፋው የሥራ አስኪያጁ የስብሰባ ጠረጴዛ ነው። ያንን ጠረጴዛ ከወደቁት ዛፎች እንጨት እንዲሠሩ የተለመኑት የእኅታችን ባለቤት፣ ሥራ ፈትተው ተቀምጠው ሳለ እንኳ፣ «እጄ እሺ አይለኝም» ብለው መልሰዋል።

በዚያ ምድር ቤት ክፍል እኅታችንን የያዛቸው ሳል ወደ ሳንባ ሕመም ተለውጦ፣ ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ዛሬ ጠዋት ከመሥሪያ ቤቱ «ለታታሪዋ ባልደረባችን» የሚል የአበባ ጉንጉን መጥቶ ነበር፤ ልጆቻቸው ከደጅ መልሰውታል። ደግ አደረጉ።

እትዬ ችግኝ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ማረፊያው ያኑርልን፤ ለእኛ ለቀረነውም መጽናናቱን ሲሰጠን፣ ቁጣችንን አይውሰድብን።