ወይዘሮ አራባ ኤሱማን እና በቤተሰባቸው ደም የተገኘው ምልክት

ዛሬ በባሕር ዳርቻዋ ከተማችን በኤልሚና ተሰብስበን የምንሸኛቸው ወይዘሮ አራባ ኤሱማን፣ ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ኮው ኤሱማንና የተጨሰ ዓሣ እየሸጡ ቤታቸውን ካቆሙት ከወይዘሮ ኤፉዋ አንሳ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በአክራ የራጅ ሙያ ሠልጥነው፣ በ1975 በአንድ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ፤ የፈራ በሽተኛ ሲገጥማቸውም «እኔም አብሬህ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ማን ቀድሞ እንደሚተነፍስ እንይ» እያሉ ያሥቁት ነበር። በ1978 መምህር ጄምስ ክዋንሳን አግብተው ኤሲንና ኮቢናን ወለዱ።

በ1989 ታናሽ ወንድማቸው አቶ ኤቦ በኩላሊት ጠጠር ሲሠቃዩ፣ የውስጥ አካል በራጅ ጎልቶ እንዲታይ የሚሰጠውን ቀለም በደም ሥራቸው የወጉት ወይዘሮ አራባ ራሳቸው ነበሩ። በሦስተኛው ቀን የአቶ ኤቦ ቆዳ ቀልቶና ውሃ ቋጥሮ ይላጥ ጀመር፤ ከሞት የተረፉትም አምስት ሳምንት ተኝተው ነው። ሕመሙ ዘግይቶ በመምጣቱ ከወይዘሮ አራባ በቀር ከምርመራው ጋር ያያያዘው አልነበረም፤ ዘመድ ግን «ምግቡን የምታቀርብለት ማን ናት? መርዛዋለች!» ብሎ በአቶ ኤቦ ባለቤት በወይዘሮ አጁዋ ላይ ተነሥቶ፣ ወደ ወላጆቻቸው አገር ወደ ሶልትፖንድ አባረራቸው። ወይዘሮ አራባ ቀለሙን ቢጠረጥሩም ማስረጃ የለኝም ብለው ዝም አሉ፤ ይህ ዝምታቸው በዚህ ጽሑፍ እንዳይታለፍም ራሳቸው አዝዘዋል።

ከአራት ዓመት በኋላ አክስታቸው ከዚያው ምርመራ ወጥተው ቆዳቸው በተመሳሳይ ሁኔታ ሲቆጣ፣ ወይዘሮ አራባ ነገሩ በዘር የሚወረስ እንዳይሆን ሠጉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንንም ቀለም ከመውጋታቸው በፊት «ከእናትህ ወይም ከአባትህ ወገን በዚህ ነገር ቆዳው የተቆጣ አለ?» ብለው እየጠየቁ መልሱን በደብተር ይጽፉ ነበር። ጡረታ በወጡበት ዓመት የዘረመል ተመራማሪዎች ሲመጡ ደብተሩን አስረክበው፣ ሃያ ሦስት ቤተሰቦችን ቤት ለቤት እየዞሩ ለደም ምርመራ ለመኑ፤ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ «አራባ፣ ባሕሩ ያተረፈልኝን ደም አንቺ ልትጨርሺው ነው?» ቢሏቸውም እጃቸውን ግን ዘረጉ።

ውጤቱ በ2012 ሲመጣ አቶ ኤቦ፣ አክስታቸውና ወይዘሮ አራባ ራሳቸው አንድ ዓይነት የዘር ምልክት ተገኘባቸው፤ ምልክቱ ያለበት ሁሉ ይታመማል ማለት ባይሆንም፣ አደጋውን ከፍ እንደሚያደርገው ተመራማሪዎቹ ገመቱ። እሳቸውም ቤተሰቡን ሰብስበው «አጁዋ ንጹሕ ናት። ቀለሙን የወጋሁት እኔ ነኝ፤ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ» ብለው፣ ከወገኑ አለቃ ጋር ይቅርታ ሊጠይቁ ሶልትፖንድ ወረዱ።

ወይዘሮ አጁዋም «ሃያ ሦስት ዓመት መርዘኛ ስባል የት ነበርሽ?» ብለው በሩን ዘጉባቸው፤ ሁለተኛም ሄደው አልተከፈተላቸውም። በሦስተኛው ጉዞ ግን ወይዘሮ አጁዋ ኬንኬ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ ቅቅልና ዓሣ በሳህን ይዘው ወጡና «እንኪ ብዪ፤ መርዝ ካልፈራሽ» አሏቸው። ወይዘሮ አራባ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው፣ እንባቸው ሳህኑ ላይ እየወረደ፣ አንዲት ጉርሻ ሳያስቀሩ በሉ። በዚያው ዓመት ወይዘሮ አጁዋ ወደ ባለቤታቸው ቤት ተመለሱ።

ወይዘሮ አራባ በ2022 የጣፊያ ካንሰር አግኝቷቸው፣ ስለ ዘር ምልክታቸው ለሐኪሞቹ አስቀድመው ተናግረው ያለዚያ ቀለም እየተመረመሩ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ረቡዕ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ፤ እስከ መጨረሻው እጃቸውን ይዘው ያስታመሟቸውም ወይዘሮ አጁዋ ናቸው።

ባለቤታቸውን መምህር ጄምስን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውን አቶ ኤቦንና እኅቴ ይሏቸው የነበሩትን ወይዘሮ አጁዋን ትተው አልፈዋል። የሰውን ሥውር ሁሉ የሚያይ አምላክ፣ የበደሉትን ሳይሸሽጉ ወደ እሱ የሄዱትን የወይዘሮ አራባን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ለቀረነውም እውነቱን በጊዜው የምንናገርበት ድፍረት ይስጠን። አሜን።