ግማሿ ኪያር

የነዳጁ ሥራ ሲጧጧፍ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ የሚከራይ ቤት ጠፍቶ፣ ፋልከንሪጅ የሚባል ሰፈር እትዬ ብርቄ ቤት ሥር፣ ቤዝመንት ውስጥ ነበር የምኖረው። እንደ መክሰስ የምትበላ፣ ጣት የምታክል ኪያር ከዘር አብቅዬ ጓሯቸው ተከልኩ። የመጀመሪያዋን ፍሬ የበኩራት መባ አድርጌ ቸርች ልወስድ ለጌታ ቃል ገብቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ልቀጥፋት ስወጣ የለችም!

"እትዬ፣ ኪያሬን አይተዋታል?"

"ቀጠፍኳት እንጂ! ማደግ እምቢ ስትል የታመመች መሰለኝ።"

"ዘሯ ነው እትዬ፣ ከዚያ አትበልጥም! በኩራቴ ነበረች እኮ!"

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ከጋውናቸው ኪስ የተገመጠች ኪያር አወጡ። "ልጥላት ስል ሽታዋ አስጎመጀኝ። ምን ይሻለኛል?"

እሑድ ግማሿን ይዘን ሄድን። እኔ በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም፤ እትዬ ግን በምስክርነት ሰዓት እጄን ይዘው መድረክ ላይ አወጡኝና ማይኩን ተቀበሉ። "ይህቺ ልጅ ለጌታ ያበቀለችውን እኔ ቀድሜ ቀመስኩበት፤ ይቅር ይበለኝ። ግን ስትጣፍጥ!" ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማይኩን ከእጃቸው መንጠቄን ያወቅኩት የራሴን ድምፅ ከስፒከሩ ስሰማ ነው፦

"ተክሏ ገና አሥራ አንድ አበባ አላት!"