ታቹ የተበሳ ሸክላ

(ከሰንዳፋ አለፍ ብሎ አውራ ጎዳናው ዳር፣ በግንቦት ረፋድ፤ ሸክላ ሠሪዋ እትዬ ዘርፌ በጆንያ ላይ ከደረደሩት ሸክላ መካከል ተቀምጠዋል፤ ጡረተኛው አቶ ጓንጉል ካርቶን ታቅፈው ከፊታቸው ቆመዋል።)

ዘርፌ፦ አልበሳም አልኩ፣ አልበሳም። ሌላ የሚሹት ካለ ይጠይቁኝ።

ጓንጉል፦ ትንሽ ቀዳዳ ናት እኮ፣ እትዬ ዘርፌ። የጣት ጫፍ የምታስገባ። ምስማርና መዶሻውን እንኳ ይዤ ነው የመጣሁት።

ዘርፌ፦ አይቻለሁ። ጣራ ሊመቱ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር።

ጓንጉል፦ እሺ፣ ገዝቼ ልሂድና ቤቴ ልብሳው።

ዘርፌ፦ ዝም ብለው ገዝተው ቢሄዱ ማን ይጠይቅዎት ነበር? አሁን ግን ነገሩኝ። ሊበሳ መሆኑን እያወቅኩ አልሸጥም።

ጓንጉል፦ ዝም ብዬማ ሞክሬ ነበር። ባለፈው ወር ሦስት ማሰሮ ከእርስዎ ወስጄ፣ ሦስቱም ምስማሩ ሲነካቸው ለሁለት ተከፈሉ።

ዘርፌ፦ ለዚህ ነበር የወሰዷቸው? እኔ ደግሞ ብቻውን የሚኖር ሰው ሦስት ማሰሮ ምን ያደርግለታል እያልኩ ስገረም ከረምኩ።

ጓንጉል፦ ብቻዬን እንደምኖር በምን አወቁ?

ዘርፌ፦ ሚስት ያለው ወንድ ሸክላ ሲገዛ ስልኩን ያወጣል። የትኛው ይሁን፣ ሰፋ ያለው ወይስ ጠበብ ያለው፣ እያለ ይጠይቃል። አንቱ ማንንም አልጠየቁም።

ጓንጉል፦ የሚጠየቅ የለም።

ዘርፌ፦ ካርቶኑን ያስቀምጡት እንግዲህ፣ ክንድዎ ዛለ። ምንድን ነው ያለበት?

ጓንጉል፦ የመጣሁት ለእነሱ ነው። ይዩዋቸው።

ዘርፌ፦ ይሄ እሬት አይደለም እንዴ? ይሄኛው እንዳሁላ። ይሄኛውን አላውቀውም፤ የቁልቋል ዘመድ ይመስላል። ፍየል እንኳ ዞራ የማታየውን የገደል ቅጠል ታቅፈው ታክሲ ተሳፈሩ?

ጓንጉል፦ ከተማ ውስጥ ዛሬ በየባንኩና በየካፌው መስኮት ላይ የተደረደረው ይሄው ነው። በወፍራም ቅጠሉ ውሃ ይቋጥራል። አሥራ አምስት ነበሩኝ፤ አሥራ አንድ ቀሩ።

ዘርፌ፦ አራቱን ምን በላቸው?

ጓንጉል፦ እኔ። ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ አቀናባሪ ነበርኩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት። ጡረታ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ ይሄን እሬት በሚያብረቀርቅ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ሰጡኝ። አንዱ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ሌሎቹን ጨመርኩ። ጠዋት ስነሳ የሚጠብቀኝ ሥራ የለም፤ እነሱን አጠጣለሁ። ምሳ በልቼ አጠጣለሁ። ሲመሽም እንደዚያው። የሁሉም ዕቃ ታቹ ድፍን ነው፤ ውሃው ወዴት ይሂድ? ሥራቸው በሰበሰ። ቅጠላቸው ሲልፈሰፈስ ደግሞ ውሃ ጠምቷቸው ነው ብዬ ጨመርኩላቸው። ችግኝ ነጋዴውን ብጠይቀው፣ ጋሼ፣ ይሄ ተክል ጥሙን ይችላል፣ የሚሞተው በመጠጥ ነው አለኝ።

ዘርፌ፦ እንደ ስንቱ ባል።

ጓንጉል፦ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይበቃዋል አለኝ። እሺ፣ በቀረው አሥራ አራት ቀን እኔ ምን ልሥራ?

ዘርፌ፦ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ጓንጉል፦ ለዚህ ነው የመጣሁት፤ የተረፉትን ላድን። የሚስማማቸው እንዲህ ያለው የአፈር ሸክላ ነው፤ እርጥበቱን በጎኑ ይተነፍሳል። ጠለቅ ያለ አይሁን። ስፋቱም ከተክሉ ዙሪያ አንድ ጣት ያህል ብቻ ይትረፍ።

ዘርፌ፦ ትልቅ ቢሆን አይመቸውም? ሥሩን እንደልቡ ይዘረጋበት የለ?

ጓንጉል፦ እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ሥሩ የማይደርስበት አፈር ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ የሚጠጣው ስለሌለ ይሻግታል።

ዘርፌ፦ ሰፊ ቤት ለብቻ ብርድ ነው፤ እሱስ ገባኝ። ላሟሽልዎት?

ጓንጉል፦ አይሟሽ። ከተሟሸ መተንፈሻው ይደፈናል። ብቻ ታቹ ይበሳ። አፈሩ እንዳይፈስ ቀዳዳው ላይ ገል ጣል አደርግበታለሁ።

ዘርፌ፦ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ሲባል ነው የማውቀው፤ ተክል በገል ሲኖር ዛሬ ሰማሁ። አሁንም ግን አልበሳም። ይልቅ ይሄን ጎድጓዳ ሳህን ይውሰዱ፤ ጥልቀት የለውም፤ ድፍን ቢሆንም ውሃውን በማንኪያ ይጨምሩለታል። ያዳምጡት፣ ስመታው። አይዋሽም።

ጓንጉል፦ ይሄ ተሰንጥቋል።

ዘርፌ፦ የቱ ጋ? አገላብጠው ያሳዩኝ።

ጓንጉል፦ አይታይም፤ ይሰማል። እስቲ ይድገሙት። ያው፣ ሊያልቅ ሲል ድምፁ ይቆረጣል። ጤነኛው እየሳሳ ነው የሚጠፋው።

ዘርፌ፦ ጠዋት ሦስቴ መትቼዋለሁ፤ ለእኔ ጤነኛ ነው።

ጓንጉል፦ ውሃ ያድርጉበት።

ዘርፌ፦ ከዚያ ጆግ ያቀብሉኝ። ... እኔ ምንም አላይም።

ጓንጉል፦ ይታገሱት።

ዘርፌ፦ አላበው። ይኸው፣ ታቹ አላበው።

ጓንጉል፦ አይዘኑ፤ አንድ ሳህን ነው።

ዘርፌ፦ ያን ጊዜ አንቱን የመሰለ ሰው አጠገቤ ቢኖር።

ጓንጉል፦ የቱን ጊዜ?

ዘርፌ፦ ይቀመጡ፤ ያ በርሜል ይችልዎታል። ታላቅ እህት ነበረችኝ፤ ይመኙሻል የምትባል። ጭቃ በእጇ እንደ ሊጥ ይታዘዝላት ነበር። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሷ ሃያ አራት። አንድ ባላገር ለልጁ ሠርግ ስምንት የጠላ ጋን አዘዛት። ሰባቱን እሷ ሠራች፤ አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ፣ ትልቅ ሥራ ላለማምዳት ብላ። ስተኩሰው ፀጉር በምታህል መስመር ተሰነጠቀብኝ። ሌላ ለመሥራት ቀን አልነበረም። እሷ ገበያ በወጣችበት በሰም ደፈንኩት፤ በሰሙ ላይ ጥላሸት ቀባሁበት። ስትመለስ፣ አበጀሽ፣ አማረልሽ አለችኝ።

ጓንጉል፦ አልነገሯትም።

ዘርፌ፦ አልነገርኳትም። ጠላው ሲፈላ ሰሙን ገፍቶ አወጣው። የሠርጉ ዕለት ሲነጋ ጋኑ ባዶ፣ መሬቱ ጭቃ። የሙሽራው ወገን ገሉን ይዘው በራችን ድረስ መጡ። ይመኙሻል ገሉን ተቀብላ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። የማንን እጅ እንደዳሰሰች እሷም አወቀች፣ እኔም አወቅኩ። የሠራሁት እኔ ነኝ አለቻቸው።

ጓንጉል፦ እርስዎስ?

ዘርፌ፦ ከኋላዋ ቆሜ ነበር፤ አፍ አልነበረኝም። እነሱም ሸክላ ሠሪ ዓይኗ መጥፎ ነው፣ በዓይኗ ነው የበሳችው ብለው አገር አዳረሱት። ሦስት ቅዳሜ ገበያ ወጣች፤ ሦስት ቅዳሜ ሸክሟን እንዳለ ይዛ ተመለሰች። አንድም ቀን ለምን አላለችኝም። በአራተኛው ቅዳሜ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ቆላ ወርዳለች ያለም ነበር፤ እኔ ግን በዓይኔ አየኋት የሚል ሰው አላገኘሁም። አርባ አራት ዓመት ሆነው።

ጓንጉል፦ ይሄን የሚያውቅ ማን አለ?

ዘርፌ፦ እሷና እኔ። አሁን አንቱ። ከዚያ ወዲህ ከሰፈሩ ሸክላ ሠሪዎች ጋር ገበያ አልወጣም። እነሱ አላባረሩኝም፤ ስለ ይመኙሻል ሲያነሱ መስማት ስላቃተኝ ነው። መንገድ ዳር ብቻዬን እቀመጣለሁ፤ የምሸጠውን ሁሉ ሦስት ሦስት ጊዜ መትቼ አዳምጣለሁ። ቀዳዳ ያለው ዕቃ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ግን ያው፣ ጆሮዬም ከዳኝ።

ጓንጉል፦ እኔ ምን ልበልዎት።

ዘርፌ፦ ምንም አይበሉኝ። አይዞሽ ለማለት የሚቸኩል ሰው አልወድም።

ጓንጉል፦ የእኔ ሥራ ዝምታ መቁረጥ ነበር። ሰው እየተናገረ ሲያቆም፣ ሲያስብ፣ እንባ ሲቀድመው፣ ያችን ባዶ ቦታ ቆርጬ አወጣለሁ፤ ሰዓት እንዳትበላ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስሠራ ኖርኩ። አሁን ቤቴ ስቀመጥ ያ የቆረጥኩት ዝምታ ሁሉ ተሰብስቦ የመጣብኝ ይመስለኛል። ሬዲዮ እከፍታለሁ፤ እሱም አይሞላውም። ለዚህ ነው በቀን ሦስቴ የማጠጣቸው። ውሃ ሲወርድ ድምፅ አለው።

ዘርፌ፦ ልጅ የለዎትም?

ጓንጉል፦ የለኝም። አግብቼም ነበር፤ አልዘለቀልንም። ማታ ማታ ነበር ሥራዬ፤ እሷ ስትነቃ እኔ እተኛለሁ። የሰውን ሁሉ ድምፅ ሳዳምጥ የእሷን ሳልሰማ ቀረሁ። እሷ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች፤ ደግ ሆነላት።

ዘርፌ፦ ጨክነው ነው የሚናገሩት፣ በራስዎ ላይ።

ጓንጉል፦ እርስዎ ይብሳሉ። አንድ ነገር ልበልና፣ ካላማረዎት ካርቶኔን ይዤ እሄዳለሁ።

ዘርፌ፦ ይበሉ።

ጓንጉል፦ ያንን ጋን ያጠፋው መሰንጠቁ ብቻ አይመስለኝም። መደበቁ ነው። እኔ የምለምንዎት ቀዳዳ አይደበቅም። ገዢውም ያውቃል፣ ሠሪዋም ታውቃለች፣ ተክሉም በእሱ ነው የሚድነው።

ዘርፌ፦ ...

ጓንጉል፦ አስቀየምኩዎት?

ዘርፌ፦ ዝም ስል አይቁረጡኝ። እያሰብኩ ነው።

ጓንጉል፦ እሺ።

ዘርፌ፦ ያ ምስማር እስቲ ከዓይኔ ይራቅልኝ። የተተኮሰ ሸክላ አይበሳም፤ የወሰዷቸውን ሦስቱን ሰብረው አይተዋል። የሚበሳው ጭቃው ገና ለጋ ሳለ ነው፣ በሸምበቆ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ። ጠርዙ በእርጥብ ጣት ይለሰልሳል። እንዲያ ሆኖ ሲተኮስ ቀዳዳውም እንደ አፉ የዕቃው አካል ይሆናል።

ጓንጉል፦ ይሠሩልኛል ማለት ነው?

ዘርፌ፦ ሰው አይቶ፣ ይሄን ማን በሳው ቢልዎትስ?

ጓንጉል፦ ዘርፌ ናት የበሳችው፣ አውቃ ነው የበሳችው እላለሁ።

ዘርፌ፦ እንደሱ ይበሉ። በሉ፣ ተክሎቹን አንድ በአንድ ያውጡና ዙሪያቸውን በክር ልለካ። ይሄ እንዳሁላ አንገቱ ቀጭን ነው፤ ለእሱ ጠበብ ያለ ይሻለዋል። እሬቱ ከባድ ነው፤ ታቹ ሰፋ ካላለ ይገለብጠዋል።

ጓንጉል፦ ይኸው፣ አሥራ አንዱም። ለቅዳሜ ይደርሱልኛል?

ዘርፌ፦ ቅዳሜ አንዱን ይወስዳሉ።

ጓንጉል፦ አንዱን ብቻ? የቀሩትስ?

ዘርፌ፦ ሁለተኛውን ለሚቀጥለው ቅዳሜ። ሦስተኛውን ደግሞ ለዚያኛው።

ጓንጉል፦ አሥራ አንድ ቅዳሜ እኮ ነው፣ እትዬ ዘርፌ። በዚህ ፀሐይ ጭቃ በሁለት ቀን ይደርቅ የለም እንዴ?

ዘርፌ፦ የእኔ ጭቃ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው።