ሲስተር ጥሩአየሁ የከፈቷቸው መስኮቶች

ሲስተር፣ ዛሬ በጡረታ የምንሸኝዎ፣ እርስዎም ዝም ብለው የሚሰሙበት ቀን ነው፤ እስኪ ይችሉ እንደሆነ እናያለን።

ሲስተር ጥሩአየሁ ከሞጣ ተዛውረው ቢቸና የመጡ ዕለት እኛ ጤና ጣቢያ ሌባ የገባ መስሎን ነበር። እኔ ሙሉአለም ካርድ ክፍል ሆኜ ብቅ ስል መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሏል። ጥበቃችን ጋሽ ባየ ሮጠው ዘጉት። ዞር ሲሉ ተከፍቷል። ደግመው ዘጉት። ከሰዓት በኋላ ነው ሁለቱ አንድ መስኮት ላይ የተያያዙት።

«እንዴ ሲስተር፣ በሽተኛውን ብርድ ያስመቱታል?»

«ታዲያ የሚያስለው ሰው የተነፈሰውን ዘግተን ስንምገው እንዋል?»

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አላገኘንም። ባልደረባችን ሄለን ስትዳር ሲስተር ሙሽሮቹ ሳይገቡ የዳሱን ጎን ገልጠው አስረውታል። እፀገነት ወጥ ትን ብሏት ስታስል «ለቲቢ ምርመራ አክታ ትስጥ» ተባለች። አልሰጠሽም እንዴ እፀገነት?

አንድ ጊዜ ጋሽ ባየን ጎናቸውን ውጋት ያዛቸው። ፌጦ ጠጡ፣ ዋግምት ታገሙ፤ ባሰባቸው። ሲስተር ጀርባቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። አንዱ ጎን እንደ ባዶ እንስራ ይጮኻል፣ ሌላው ሙሉ እንደሆነ ሁሉ ዝም።

«ጋሽ ባየ፣ የሳንባዎ ሽፋን ውኃ ይዟል።»

ሆስፒታል ተልከው ውኃው ተቀዳ፣ ቲቢ ሆኖ ተገኘ፣ የወራት መድኃኒት ተጀመረ። ትንሽ ሻል ሲላቸው ግን ጋሽ ባየ መድኃኒቱን ትተው ለአጨዳ ገጠር ገቡ። ሲስተር በእግራቸው ተከትለው ማሳው ላይ ደረሱባቸው።

«እኔ እኮ ድኛለሁ።»

«የለቀቀዎት ውጋቱ ነው፣ በሽታው አለ። አሁን ካቆሙ ሲመለስ ይኸ መድኃኒት አይመልሰውም። ይዋጡ።»

ዋጡ።

«አፍዎን ይክፈቱ።»

አጫጆቹ ሁሉ እያዩ ከፈቱ። ከዚያ በኋላ እስኪጨርሱ አንድ ቀን አላጓደሉም።

ሲስተር፣ ያን ቀን «የራሱ ጉዳይ» ብለው ቢቀሩ ኖሮ ዛሬ ጋሽ ባየን ነፍስ ይማር እያልን ነበር የምናነሳቸው። በዚህ አገር ስንት ሰው እርስዎ ስለጨቀጨቁት ቆሞ ይሄዳል። እንፈራዎታለን፣ ከልባችን እንወድዎታለን፣ እናመሰግናለን።

ዛሬ ጠዋት ወንበር ልደረድር ስመጣ የዚህ አዳራሽ መስኮት ሁሉ ተከፍቷል። ሲስተር ገና አልመጡም። ጋሽ ባየ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

«ማን ከፈተው?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ። ከነገ ጀምሮም እኔ ነኝ።»

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ። ሲስተር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፣ ቤትዎ በልጅ ልጅ ይሙላ። ለሲስተር ጥሩአየሁ። ጠጡ፤ እያዩን ነውና ስትጨርሱ አፋችሁን ክፈቱ።