የጋሽ ምላጭ ቀኝ እጅ

ፀጉር አስተካካይ ከሚያገኘው ምስጋና ሁሉ የሚበልጠው ደንበኛው ወንበሩ ላይ ሲያንኮራፋ መስማት ነው። «እጅህ ይባረክ» ማንም ይላል፤ ለይሉኝታም ይባላል። ጉሮሮው ላይ ምላጭ ተይዞ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ግን ለይሉኝታ ብሎ አያንኮራፋም። ይህን ከጋሽ ምላጭ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ አሁን ጡረታ የወጡት ዳኛ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእሳቸው እጅ ሥር እያንኮራፉ ተላጭተዋል።

ዳኛው ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ዘንድ ሄደው መኖር ጀመሩ። የልጅየዋ ቤት በሞተር ሳይክል የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። እዚያ ከተማ ፀጉር አስተካካይ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ዳኛው «ጉሮሮዬን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም» ብለው ስላስቸገሩ፣ ጋሽ ምላጭ በወር አንድ ጊዜ የምላጭ ሣጥናቸውን ከኋላ አስረው ይሄዱላቸው ነበር። ሁለቱ ባልንጀሮች የሚተያዩት በዚያች ቀን ብቻ ነው። መላጨቱ ሰበብ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ታዲያ ከሦስት ወር ወዲህ ነገር ተበላሸ። ጋሽ ምላጭ መጀመሪያ የዳኛውን አገጭ ቧጨሩ። በሚቀጥለው ወር ጉንጫቸውን ቆረጡ። ባለፈው ወር ደግሞ የጆሮአቸውን ጫፍ ነኩትና ደሙ አልቆምም አለ። ማንኮራፋቱ ድሮ ቀረ፤ ዳኛው ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ነበር የሚቀመጡት። በመጨረሻ ጆሮአቸውን በፎጣ እንደያዙ ፍርድ ሰጡ፦ «ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ ደም ካየሁ ለልጄ የመላጫ ማሽን እጅ እሰጣለሁ። ይግባኝም የለውም!»

ዛሬ የቀጠሮው ቀን ነው። ጋሽ ምላጭ ግማሹን መንገድ ጨርሰው አንድ ነዳጅ ማደያ ጥላ ሥር ቆመዋል። ውሃ ጠምቷቸዋል፤ የውሃ ጠርሙስም በእጃቸው ይዘዋል። ችግሩ ክዳኑ ላይ ነው። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ሞተሩን ከለቀቁ ቢቆዩም አሁንም የጋዝ እጀታ እንደ ጨበጡ ተቆልምመዋል። በመዳፋቸው ሞከሩ፣ በብብታቸው ይዘው ሞከሩ፣ በጥርሳቸውም ሞከሩ።

«አባባ፣ ልክፈትልዎ?»

ዞር ሲሉ አንዲት ወጣት ሴት ከሞተሯ ላይ ስትወርድ አዩ። የራስ ቁሯን በክንዷ አንጠልጥላለች፤ ከኋላዋ የሕክምና ዕቃ የያዘ ሣጥን ታስሯል።

«ክዳኑ ነው ግትር» አሉ ጋሽ ምላጭ።

ትልቅ ሰው እጄ አልታዘዝ አለኝ ከሚል ክዳን ቢወነጅል ይቀለዋል። ወጣቷ ክዳኑን በሁለት ጣቷ ከፍታ ሰጠቻቸው።

«አሁን ለስልሶ ነው እንጂ...» ብለው ጠጡ።

«ቀኝ እጅዎ ከጉዞ በኋላ ሁልጊዜ እንዲህ ይንቀጠቀጣል?»

«ዕድሜ ነው ልጄ። እንኳን እጅ ብረትም ያረጃል።»

«እውነትዎን ነው። ለመሆኑ ግራ እጅዎ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ስልሳ ስምንት ነዋ! ከቀኙ ጋር አብሮ አይደል እንዴ የተወለደው!»

«ታዲያ እሱ ለምን አይንቀጠቀጥም?»

ጋሽ ምላጭ ግራ እጃቸውን አንስተው ተመለከቱት። እውነትም ጸጥ ብሏል። እስከ ዛሬ ልብ ብለውት አያውቁም።

«እሱማ አልፎ አልፎ ማርሽ ስቀይር ፍሪሲዮን ከመያዝ በቀር ምን ሥራ አለው!» አሉ።

«እንግዲያው የቀኙ በሽታ ዕድሜ ሳይሆን ሥራ ነው ማለት ነዋ።»

ነገሩ አልጣማቸውም። ዕድሜ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ ሥራ ከሆነ ግን ሠራተኛው መጠየቁ አይቀርም።

«ስሚ ልጄ፣ በሥራ የመጣ ሕመም ክብር ነው። እኛ መንዳት ስንማር እጁ ያልደነዘዘ ሰው ነዳሁ አይልም ነበር። እናንተ የዛሬ ልጆች ቀበቶ ሲጠብቃችሁ ሐኪም ትጠራላችሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለማስተማር ብዬ አይደለም» አለች ወጣቷ ጎንበስ ብላ። «እኔ አዋላጅ ነኝ። ምጥ ያዛት ተብዬ በተጠራሁ ቁጥር ሁለት ሰዓትም ሦስት ሰዓትም እነዳለሁ። ስደርስ "ትንሽ ጠብቂኝ፣ እጄ ደንዝዟል" የምላት እናት የለችም። ያ የምቀበለው ሕፃን ደግሞ ያሟልጫል።»

«እኔም እኮ የምሠራው በሰው ጭንቅላት ላይ ነው» አሉ ጋሽ ምላጭ ሣጥናቸውን እያሳዩ። «ፀጉር አስተካካይ ነኝ።»

«እንግዲያው የሥራ ባልደረቦች ነን! የእኔዎቹ ሲመጡ ይጮኻሉ። የእርስዎዎቹስ?»

ጋሽ ምላጭ ለቀልዱ ቀልድ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቀልዱ ግን አልመጣም። «ድሮ ያንኮራፉ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያም ለሚስታቸው እንኳ ያልነገሩትን የዳኛውን ነገር ለማያውቋት ልጅ ዘርግፈው ነገሯት፤ አገጩን፣ ጉንጩን፣ ጆሮውን፣ ፍርዱንም። «ዛሬ ባደማው የምሄድበት ሰበብ አለቀ። "ላይህ ብዬ መጣሁ" ማለት ደግሞ እሱም እኔም አንችልበትም።»

አዋላጇ ወደ ሞተራቸው ጠጋ አለች። ከዚያ «ሞተርዎን ልንካው?» አለችና የጋዙን እጀታ ልትጠመዝዝ ሞከረች። አልዞርላት አለ። በሁለት እጇ ያዘችውና እንደ ምንም ዞረ።

«አባባ! ይኼ ጋዝ ነው ወይስ የጉድጓድ መዘውር?»

እዚህ ላይ ጋሽ ምላጭ ደረታቸውን ነፉ። ከአራት ወር በፊት ካቮው፣ ጋዙን የሚስበው ሽቦ፣ ነክሶ እጀታው አልመለስ ብሏቸው ነበር። ሞተሩ ይዟቸው ሄዶ፣ ሰው ግቢ ገብተው፣ በተሰጣ ልብስ መካከል አልፈው፣ የማያውቁትን ሰው አንሶላ ተከናንበው ነው የወጡት። ከዚያ በኋላ አንድ መላ መቱ። የተሰበረው የመላጫ ወንበራቸው መደገፊያ አንድ ጠንካራ ሞላ ነበረው። እሱን ፈትተው ጋዙን እንዲመልስ በቀድሞው ሞላ ምትክ ገጠሙት።

«አሁን ስለቀው እንደ ወጥመድ ጥርቅም ነው!» አሉ። «ያ ሞላ አንድ ወፍራም ነጋዴ ከነወንበሩ ሲያነሣ የኖረ ነው።»

«እሱን ነጋዴ ነዋ ሦስት ሰዓት ሙሉ በአንድ እጅዎ ተሸክመው የሚሄዱት!»

ነዳጅ ቀጂው ከወዲያ ሆኖ ሳቀ። ጋሽ ምላጭ ገላመጡት።

«ሞላውን የገጠሙት ከአራት ወር በፊት ነው አሉኝ» አለች አዋላጇ። «ዳኛውስ መድማት የጀመሩት መቼ ነው?»

«ከሦስት...» ብለው ጋሽ ምላጭ አቆሙ። ጠርሙሱን አንስተው የሌለ ውሃ ጠጡ።

ፍርሃት ክፉ መካሪ የሚሆነው እንዲህ ነው። አንድ ቀን የነከሰ ነገር ዕድሜ ልክ እንዳይነክስ ብለን አጥብቀን እናስረዋለን፤ ከዚያ የታሰረው ማን እንደሆነ ሳናውቅ እንኖራለን። ሆኖም ጋሽ ምላጭ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም።

«እሺ፣ ሞላውን ባወጣ ደግሞ ተመልሶ ቢነክስስ? አንሶላው ዛሬ የለም፤ ግድግዳ ቢሆንስ?»

«ካቮውን ዘይት የቀቡት መቼ ነው?»

«ሞተሩ ዘይት ይጠጣል።»

«ካቮውስ?»

«ካቮ ደግሞ ዘይት ይጠጣል እንዴ?»

አዋላጇ ካቻቢቴዋን አውጥታ የካቮውን ጫፍ ፈታች፤ ሽቦው አለመበጣጠሱን ዳር እስከ ዳር አየች። «ቢበጣጠስ ኖሮ አዲስ ነበር የሚያስፈልገው። ይኼ አቧራ ብቻ ነው የጎረሰው» አለች። ነዳጅ ቀጂው ዘይት አመጣ። ጥቂት ጥቂት እያንጠባጠቡ ካቮውን ሲያጠጡት ከታች ጭቃ የመሰለ ነገር ወጣ።

«የቀድሞው ሞላ ጠፋ እንጂ...» አለች።

«ማን ይጥለዋል!» ብለው ጋሽ ምላጭ ከምላጭ ሣጥናቸው ሥር አወጡት። ቆጣቢነታቸው ለአንድ ጊዜ ነገር አቀና።

ሞላው ተገጠመ። አዋላጇ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙራ ጋዙን ለቀቀችው፤ በሁሉም በኩል ራሱ ተመለሰ። ጋሽ ምላጭም ሞከሩት፤ በሁለት ጣት ዞረ። ቢሆንም ልማድ ነውና እንደገና በሙሉ ጡንቻቸው ጨበጡት።

«አባባ፣ ከመሄድዎ በፊት ምላጭ እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩኝ።»

የጋሽ ምላጭ ፊት በራ። ምላጩን አውጥተው ያዙ። «እዪ! ምላጭ እንደ ጫጩት ነው። ብትጨብጪው ይሞትብሻል፤ ብትለቂው ያመልጥሻል። አንጓሽ ቀጥ ይበል፣ ትከሻሽ ዝቅ፣ ክርንሽ ለቀቅ። ሥራውን ምላጩ ይሥራው፤ አንቺ መንገድ አሳዪው። የጨበጠ እጅ ያደማል እያልኩ ስንቱን አሠልጥኛለሁ!»

«ይህንኑ ቃል በቃል ለጋዙ ይንገሩት።»

ጋሽ ምላጭ አንዴ ምላጩን፣ አንዴ እጀታውን አዩ። ለአርባ ዓመት ለሰው ያስተማሩትን ትምህርት አሁን ገና መማራቸው ነበር።

«ምላጭ እኮ ጥሎኝ አይሄድም» አሉ ለመጨረሻ ጊዜ። «ሞተር ይሄዳል። ካልጨበጥኩት በምን ልያዘው?»

«በጉልበትዎ! የነዳጅ ታንከሩን በሁለት ጉልበትዎ ያዝ ያድርጉት። ሰውነትዎን የሚሸከመው ወገብዎና እግርዎ ይሁን፤ መሪው ላይ አይንጠልጠሉ። እጅማ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ዕቃ አይሸከምም።» ከዚያ ከራሷ እጀታ ላይ መዳፍ የሚያህል የፕላስቲክ ቁራጭ ነቅላ በእሳቸው ላይ ሰካችው። «ይችን በመዳፍዎ ሥር ጫን ሲሏት ጋዙን ትይዝልዎታለች፤ ጣትዎ ያርፋል። መዳፍዎን ሲያነሡ ጋዙ ይመለሳል። ከተማ ሲገቡ ግን ይንቀሏት፤ ግርግር ውስጥ ሳያስቡት ሊጫኗት ይችላሉ።»

«ይቺማ ለሰነፍ የተሠራች ናት።»

«ለዳኛው ጆሮ የተሠራች ናት ቢሏትስ?»

ሽማግሌው ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

«ሌላ ደግሞ የቀረው መንገድ ግማሽ ላይም ይቁሙ። ጣትዎን ይዘርጉ፣ ይሰብስቡ፣ ያራግፉ።»

«መንገድ ዳር ቆሜ እጄን ሳራግፍ ሰው ምን ይለኛል?»

«ደም ያፈሰሱ ጊዜስ ምን አለዎት?»

ጋሽ ምላጭ የፕላስቲኳን ቁራጭ ነካ አደረጉ። «ዕቃሽንስ እንዴት ልመልስልሽ?» አሉ።

«በሚቀጥለው ወር በዚሁ ቀን እዚህ አልፋለሁ። ሲያንኮራፉ ይምጡና ይንገሩኝ፤ ዳኛው ማለቴ ነው!»

ጋሽ ምላጭ ተነሡ። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት እጃቸው ሦስት ጊዜ ጨብጦ ሦስት ጊዜ ተገሠጸ። «ጫጩት! ጫጩት!» ይሉታል የራስ ቁራቸው ውስጥ። ግማሹ ላይ ቆመው እጃቸውን ሲያራግፉ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሰላምታ መስሎት ጡሩምባ ነፋላቸው። እሳቸውም ይበልጥ አራገፉለት። ሲደርሱ ከሞተሩ ወርደው መጀመሪያ ያደረጉት የውሃ ጠርሙሳቸውን ክዳን መክፈት፣ መዝጋት፣ ደግሞ መክፈት ነበር።

ዳኛው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ጠረጴዛ ላይ ጥጥ፣ አልኮልና የቁስል ፕላስተር በሥርዓት ተደርድሯል። የልጅየዋ ማሽን ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቀይ መብራቱ ይብለጨለጫል።

«ምስክሮቹን ሁሉ ጠርተሃቸዋል» አሉ ጋሽ ምላጭ።

«ፍርድ ቤቱ ተዘጋጅቷል። ቀጥል» አሉ ዳኛው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው።

ጋሽ ምላጭ አረፋውን ቀቡ፤ ምላጩን አነሡ። ሲያነሡት የዳኛው የጉሮሮ ጉብታ ወጣ ወረደ። የመጀመሪያው መስመር ከጆሮ ሥር እስከ አገጭ ጠራ ብሎ ወረደ። ደም የለም። ጋሽ ምላጭ ልባቸው ሲረጋ አፋቸው ተፈታ።

«ለካስ እኔ ምላጩን እንጂ ሞተሩን መያዝ አላውቅም ነበር» አሉ። «ዛሬ አንዲት ልጅ አስተማረችኝ። ስማኝ፣ ጥቅሙን ልንገርህ። አንደኛ፣ ያልደነዘዘ እጅ ፍሬን በሰዓቱ ይይዛል፤ ሰውም ቤቱ በደህና ይገባል። ሁለተኛ፣ ካቮ ዘይት ከጠጣ አይነክስም፤ ያልነከሰ ካቮ ደግሞ የሰው አንሶላ አያስለብስም። ሦስተኛ፣ በየመሃሉ ያረፈ ሰው ዘገየ ይባላል እንጂ ሲደርስ ሥራ ይሠራል፤ እኔ ሳላርፍ ቀድሜ እየደረስኩ ምን ሠራሁ? አንተን ነው ያረድኩህ። ደግሞ ትከሻዬ፣ ማታ ማታ የሚነዘንዘኝ፣ ይኸው ዛሬ ዝም ብሏል። ሞላ ያጠበቀ ሁሉ... ይኼስ ስንተኛው ነው? አራተኛ ነው አይደል?»

ዳኛው አልመለሱም።

«አራተኛ ነው ወይ ነው የምልህ?»

ጋሽ ምላጭ ጎንበስ ብለው አዩ። የዳኛው ዓይን ተከድኗል፤ አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል። ከዚያ በመጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ እንደ ድሮው ጎላ ብሎ፣ ሦስት ወር ሙሉ የናፈቁት ድምፅ በረንዳውን ሞላው።

ጋሽ ምላጭ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የማሽኑን ሶኬት በግራ እጃቸው ቀስ ብለው ነቀሉት። ምክሩን እዚያው ላይ አቆሙ፤ ምላጩን ግን ባልንጀራቸው እንዳይነቃ ከወትሮው ዝግ እያሉ ቀጠሉ።