በክሊኒኩ በር ላይ ስለተያዘው ብልቃጥ

የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ በመታወቂያቸው ላይ እንደሰፈረው፤ በሰፈሩ «እትዬ መቀስ» በመባል የሚታወቁ
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ፣ ከልጃቸውና ከልጃቸው ሚስት ጋር
ከተጠርጣሪው ጋር ያላቸው ዝምድና፦ እናት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር፣ እናት በልጇ ላይ እንድትመሰክር እንደማትገደድ በመርማሪው ቢነገረኝም፣ ነገሩን የጫርኩት እኔ ስለሆንኩ በፈቃዴ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ልጄና ሚስቱ ቁርስ ሳይቀምሱ ሲጣደፉ አይቼ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅኋቸው። ልጄ «ሐኪም ጋ» አለኝ። እኔም ጉልበቴን ልታይ ብዬ ሳልጋበዝ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ጉልበቴ ያመኛል፣ ይህ ውሸት አይደለም፤ የሄድኩት ግን ለጉልበቴ አልነበረም። ከተጋቡ ስድስት ዓመት ቢሆናቸውም ልጅ ስላልወለዱ ሐኪም ዘንድ ይመላለሳሉ። ምራቴ ከዚህ በፊት ሐኪሙ መንገዱ ብዙ ነው እንዳላቸው ነግራኛለች። የሚዋጥ መድኃኒት አለ፣ የባልን ዘር አጥቦ ወደ ማህፀን ማስገባት አለ፣ እንቁላልና ዘርን ከማህፀን ውጭ አገናኝቶ መመለስ አለ፣ ሁሉም እምቢ ካለ ወላጅ ያጣ ልጅ ማሳደግ አለ ብላ ነበር። እኔም ሐኪሙ አንዱን ረስቶታል፣ ሌላ ሚስት ማግባትም አለ ብዬ መለስኩላት። ያን ቀን እራቷን አልበላችም። መቀስ የሚሉኝ ለልብስ ስፌቴ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ምራቴ የፊቱን ወንበር ለእኔ ለቅቃ ከኋላ ተቀመጠች። ልጄ ያለወትሮው እየከነፈ በየመብራቱ ሰዓቱን ያያል። እሷ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራለች። እኔ በመስታወቱ አያታለሁ። ቀሚሷን የሰፋሁት ራሴ ስለሆንኩ፣ በግራ በኩል ያበጠው የእኔ ስፌት እንዳልሆነ አወቅሁ። ምን እንደያዘች ስጠይቃት «ምንም» አለች። ምንም በጨርቅ ተጠቅልሎ ጡት መያዣ ውስጥ አይገባም አልኳት። ልጄ «እማዬ፣ በናትሽ ዛሬን ብቻ ተይን» አለኝ። እንዲህ ተናግሮኝ ስለማያውቅ ነገሩ ከነከነኝ። ከየትም የቃረመችውን መድኃኒት በምግብ ልትሰጠው ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ መጠርጠር ብቻ ሳይሆን አመንኩበት።

ክሊኒኩ በር ላይ ጥበቃው ቦርሳችንን ፈትሾ እለፉ አለ። እኔ ግን ደረቷ ላይ የያዘችውን ሳታይ ታሳልፋታለህ ወይ አልኩት። ሴት ፈታሿ ቁርስ ላይ ስለነበረች እስክትመጣ ዳር ቁሙ አለ። ልጄ ጊዜ የለንም አለው። ጥበቃውም «ጊዜ የሌለው ሰው የያዘውን ያውጣ» አለ። ምራቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ናሙና ነው» አለች። የምን ናሙና እንደሆነ ሲጠይቃት ባሏን አየች። ከኋላችን ብዙ ሰው ተሰልፎ ነበር። በዚህ ጊዜ እኔ «ይቺ መካን ልጄን መድኃኒት ልታበላው ነው» ብዬ ጮህኩ።

ጥበቃው ጨርቁን ሊይዝ እጁን ሲሰድ ልጄ ገፈተረው። ጥበቃው ደረጃው ላይ ወድቆ ቀኝ እጁ ወለም አለው። ልጄ አልገፋም አልልም፤ ገፍቷል። የሰው እጅ ወደ ሚስቱ ደረት ሲሄድ ቆሞ የሚያይ ልጅ ግን አላሳደግሁም። በግርግሩ ጨርቁ ወድቆ ተፈታና ክዳኑ በደንብ የተገጠመ ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ እግሬ ሥር ተንከባለለ። አንስቼ ይኸው ብዬ ለሰልፈኛው አሳየሁ። ብልቃጡ ሞቅ ያለ ነበር።

ልጄን ሁለት ሰዎች ይዘውት ነበር። «እማዬ፣ የኔ ነው፣ ዘሬ ነው» አለኝ። «መካኑ እኔ ነኝ። ከተመረመርን ወዲህ ዓመት ሙሉ ገመናዬን ሸፍና ስትሰደብልኝ የኖረችው እሷ ናት» አለ። ምራቴ እያለቀሰች፣ ዘሩ ወደ ማህፀኗ የሚገባበት ቀን ዛሬ ነው እንደተባሉ፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ወይም ከቀዘቀዘ እንደሚበላሽ ተናገረች። ልትቀበለኝ ስትመጣ ሌላ ጥበቃ ደርሶ ፖሊስ ሳይመጣ አትነቃነቂም ብሎ ከለከላት። አሮጊት የሚጠረጥር ስለሌለ እኔን የከለከለኝ የለም።

እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እፍረት ግን ቆይቶ ይደርሳል፣ ብልቃጡ እየቀዘቀዘ ነበር። በጨርቁ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ከትቼ ሦስተኛ ፎቅ ወደሚገኘው ላብራቶሪ ወጣሁ። ጉልበቴን ረሳሁት ብል ውሸት ይሆናል። የላብራቶሪ ሠራተኛዋ ብልቃጡን ከየት እንዳወጣሁት ስታይ ሳቋ አመለጣትና «እማማ፣ የማን ነው?» አለችኝ። የልጄ ነው፣ ሚስቱን ታች ይዘዋታል አልኳት። ሰዓቷን አይታ «ደርሷል» አለች። ወዲያው ስልክ ደውላ ምራቴን አስለቀቀቻት።

አሁን ምራቴ ዘሩ ታጥቦ እስኪደርስ ክሊኒኩ ውስጥ ብቻዋን ተኝታ ትጠብቃለች፤ ልጄ እዚህ ታስሯል። ጠብ የጫረ ይታሰር ከተባለ የጫርኩት እኔ ነኝና እንድንለዋወጥ፣ እሱ አጠገቧ እንዲሆን ጠይቄያለሁ። መርማሪው ለአለቃቸው እንደሚያቀርቡት ነግረውኛል።

ቃሌ ሲነበብልኝ «መካን» ያልኩት እንዲሰረዝ ጠየቅሁ። የጥበቃው እጅ ታሽቶ ይድናል፣ የአፍ ወለምታ ግን በቅቤ አይታሽም። መርማሪውም የተባለ ቃል አይሰረዝም አሉኝ። እንግዲያስ ማን እንዳለው በደንብ እንዲታይ ከሥሩ ይሰመርበት አልኩ፤ ተሰምሮበታል።

ከጥርጣሬዬ በቀር በዚህ ቃል ውስጥ ያለው ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)